አምስት ሰዓት በሁዌ

(ባለፈው ቅዳሜ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ብዙዎች ስለጠየቃችሁኝ፣ እንደተናገርሁት አስቀምጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ጉዞዬ እንድነግራችሁ ነው የጠየቃችሁኝ። እንደምታውቁት ሀገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርሁ፤ ጎንደር። እዚህ ደግሞ 22 ዓመት በሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ ለጡረታዬ ብለው ለእኔና ለባለቤቴ የመርከብ ጉዞ ገዙልን። ክሩዝ የሚሉት ነው። ከሲንጋፖር ተነሥተን በቬትናም ዳርቻ እያለፍን እስከ ሆንግ ኮንግ ሄድን። ስለ መርከቧ ምግብና ስለ መዋኛው አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ አንዲት ከተማ ነው። ሁዌ ትባላለች።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሁዌ የሚለውን ስም የሰማ አለ? ሦስት ሰው። እሺ። ቬትናም ሲባልስ ምን ትዝ ይላችኋል? ጦርነት። አዎ። የጥፍር ማሳመሪያ ቤት። አዎ። የቬትናሞቹ ገበያ ኤደን ሴንተር ሄደን የምንበላው ሾርባ። ልክ ነው። ወገኖቼ፣ ከቬትናሞች ጋር እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ስንት ዓመት ጎን ለጎን ኖርን? ልጆቻችን አብረው ተማሩ። እኛ አብረን ሠራን። ከየት እንደመጡ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን?

እኔም አልጠየቅሁም ነበር። በወጥ ቤቱ አጠገቤ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ ናት “ቺ” በይኝ ያለችኝ። ቺ ማለት በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። እኔን ደግሞ “ኤም” ትለኛለች፤ ታናሽ ማለት ነው። ለዓመታት ድንች እየላጥን፣ ትሪ እየደረደርን ኖርን። መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች ዝርዝር ያሳየኋት ቀን ጣቷ አንዱ መስመር ላይ ቆመ። “ይሄ የእኔ ነው” አለች። ሁዌ።

ምን ላምጣልሽ አልኋት። ሜ ሱንግ አለችኝ። ከረሜላ ነው። ሰሊጥና ለውዝ ያለው፣ ለስለስ ብሎ ጥርስ የሚይዝ። የሁዌ ነው። “ግን ከዶንግ ባ ገበያ ግዢው” አለችኝ። “ከሌላ ቦታ አይሁን።” እኔም ቃል ገባሁ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛው፣ መርከብ ጥቂት ሰዓት ሲሰጣችሁ እንዴት እንደምትጠቀሙበት። ሁለተኛው ስለ ነገሥታቱ ግቢ ነው። ይኼኛው ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ሦስተኛው ስለ ምግብ ነው፤ በተለይ ለምትጾሙ።

አንደኛው። መርከብ ሁልጊዜ ከተማ ውስጥ አያወርዳችሁም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ወረቀቱ ላይ “ሁዌ፣ ዳ ናንግ” ተብሎ ይጻፋል። የሚቆመው ግን ቻን ማይ የሚባል ወደብ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል። ወደ ሁዌ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተ ደቡብ ዳ ናንግ አለች። ከዳ ናንግ አልፎ ደግሞ ሆይ አን የምትባል ጥንታዊት የንግድ ከተማ አለች። ሦስቱም ያጓጓሉ። ሦስቱንም በአንድ ቀን እናያለን ብላችሁ አትነሡ። በጭራሽ!

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ወደብ በትልቅ አውቶቡስ ወጣን። አምስት ቦታ ወሰዱን። ውረዱ፣ ፎቶ አንሡ፣ ግቡ። ውረዱ፣ ፎቶ አንሡ፣ ግቡ። አንድ ቤተ መቅደስ በር ላይ ደርሰን ሃያ ደቂቃ ብቻ አላችሁ ተባልን። ውስጥ አንዲት እናት ተንበርክካ እያለቀሰች ትጸልያለች። እኛ አርባ ሰው በፊቷ አለፍን። ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስታውሰው እሷን ብቻ ነበር። አፈርሁ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዐቢይ ጾም እየሰገድን፣ አርባ ሰው ካሜራ ይዞ ቢያልፍብን ምን ይሰማናል?

ለዚህ ነው ለሁዌ ሌላ መንገድ የመረጥነው። ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ሆነን አንድ መኪና ከነሾፌሩ ቀድመን ተከራየን። አንድ ከተማ። በከተማዋም ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ፤ ግቢውና ገበያው። ዝነኞቹን የነገሥታት መቃብሮች ተውናቸው። በወንዙ ዳር ያለውን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1601 የተመሠረተውን የቲየን ሙ ገዳምም ከሩቅ ብቻ ነው ያየነው። ይቆጫል። ቢሆንም አንዱን በወጉ ማየት ይሻላል እላለሁ።

ስለ ሰዓት ልብ በሉ። በሀገራችን አቆጣጠር ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት መርከቧ ቆመች። ማታ 11 ሰዓት ትሄዳለች። ተሳፋሪ ሁሉ 10 ሰዓት ላይ መግባት አለበት። በመርከቡ አውቶቡስ የወጣ ሰው ቢዘገይ ይጠበቃል። በራሱ መኪና የወጣ አይጠበቅም። ስለዚህ ከሁዌ 8 ሰዓት ላይ እንነሣለን ብለን ወሰንን። በከተማዋ አምስት ሰዓት ቀረን። ቪዛውን ቀድሞ በኢንተርኔት ማውጣት ይቻላል፤ ከፈረንጆቹ 2023 ነሐሴ ጀምሮ ለየትኛውም ሀገር ፓስፖርት ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁም ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው።

ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 የቬትናም መናገሻ ነበረች። የነገሡት ንጉየን የሚባሉት ናቸው። ከዚያ ቤት 13 ነገሥታት ወጡ። የመጀመሪያው ጊያ ሎንግ ይባላል። ከተማዋን በግንብ ማሳጠር የጀመረ እሱ ነው። የጨረሰው በ1832 ልጁ ሚን ማንግ ነው። የውጪው ግንብ ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 10 ኪሎ ሜትር! ዙሪያውን በውኃ የተሞላ ቦይ ከቦታል። በዚያ ግንብ ውስጥ ሌላ ግንብ አለ። በዚያኛው ውስጥ ደግሞ ንጉሡና ቤተሰቡ ብቻ የሚኖሩበት ሦስተኛ ግቢ። ፊት ለፊቱ ወንዝ ይፈሳል። ስሙ የመዓዛ ወንዝ ነው።

3 ሰዓት ላይ ደረስን። ካፊያ ነበር። መግቢያው 200,000 ዶንግ ነው፤ ወደ 8 ዶላር። ከዋናው በር ፊት ቆምን። ንጎ ሞን ይባላል፤ በ1833 የተሠራ። አምስት መግቢያ አለው። የመካከለኛው የንጉሡ ብቻ ነበር። በሁለቱ ጎን ሹማምንት፣ በዳሮቹ ደግሞ ወታደሮች፣ ዝሆኖችና ፈረሶች ይገቡ ነበር። ከላዩ ሰገነት አለ። ነሐሴ 30 ቀን 1945 የመጨረሻው ንጉሥ ባኦ ዳይ ማኅተሙንና ሰይፉን ለአዲሱ መንግሥት ተወካዮች ያስረከበው እዚያ በር ላይ ነው። 143 ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

በሩን አልፋችሁ ስትገቡ የዙፋን አዳራሹ አለ፤ ታይ ሆዋ ይባላል። 80 ቀይ የእንጨት ምሰሶዎች አሉት። ወርቃማ ዘንዶ ተሥሎባቸዋል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ታድሶ በ2024 ኅዳር ነው የተከፈተው። በጣም ያምራል። ፎቶ አንሺው ሁሉ እዚያ ነው።

እኔ ግን የምነግራችሁ ከአዳራሹ በስተ ጀርባ ስላለው ነው። በጀርባው በር ትወጣላችሁ። ምንም የለም። ሣር ነው። ሰፊ ሣር። እዚህም እዚያም የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ደረጃው ወደ የትም አያደርስም። ቤቶቹ የሉም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሰዓቱን ያይና ይመለሳል። “የሚታይ ነገር የለም” ይላል። ወገኖቼ፣ የሚታየው እሱ ነው!

አንድ ነገር ላውጋችሁ። ጎንደር ሳስተምር በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎችን ወደ ፋሲል ግቢ እወስድ ነበር። በየዓመቱ አንድ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። “እትዬ፣ ጣሪያው የት ሄደ?” ሌሎቹ ይሥቃሉ። እኔ ግን ያን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ግንቡ ለምን እንደቆመ ማንም ያስረዳል። ጣሪያው ለምን እንደሌለ ለማስረዳት ግን ታሪክ ማወቅ ይጠይቃል። በ1941 ጣሊያን ሰፍሮበት ሳለ እንግሊዞች ስለጣሉት ቦምብ መናገር አለብህ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ቃጠሎ መናገር አለብህ።

ሁዌ ሣሩ ላይ ቆሜ የጠየቅሁት ያንኑ ነው። ጣሪያው የት ሄደ?

መልሱ አንድ አይደለም። መጀመሪያ 1885 ነው። ሐምሌ 5 ቀን። ፈረንሳዮች ከተማዋን ያዙ፤ ግቢውን ዘረፉ፤ ብዙ ሕዝብ ሞተ። አብዛኛው ሸሽቶ ሲወጣ በየበሩ ተጨናንቆ፣ በቦዩ ውስጥ ወድቆ ነው ያለቀው። ቀጥሎ 1947 ነው። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት የውስጠኛው ግቢ ተቃጠለ። ከዚያ ደግሞ 1968።

የ1968ቱን ከመጽሐፍ አልነግራችሁም፤ ቺ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። ቤታቸው በውጪው ግንብ ውስጥ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ቴት ነበር፤ የእነሱ ዓመት መለወጫ። አዲስ ቀሚስ ተሰፍቶላታል። እናቷ ለበዓል ባን ቴት ቀቅለዋል። ባን ቴት ማለት የሚጣበቅ ሩዝ ነው፤ እኛ ድፎ በኮባ እንደምንጋግረው፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል። ጥር 31 ቀን ሊነጋ ሲል ተኩስ ተጀመረ። የሰሜን ቬትናም ወታደሮች ከተማዋን ያዙ። አሜሪካኖችና የደቡብ ወታደሮች ሊያስለቅቁ መጡ። ቤት ለቤት፣ ግንብ ለግንብ ተዋጉ። በትልቁ የባንዲራ መስቀያ ላይ የሰሜኖቹ ወገን ባንዲራ 25 ቀን ያህል ተውለበለበ። እነ ቺ ከወፍራም የእንጨት አልጋ ሥር ተኝተው 11 ቀን ቆዩ። የበሉት ያንን የበዓል ባን ቴት ነው። በየቀኑ እናቷ በክር እየቆረጡ ያድሏቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን የቀረው ቁራሽ እንደ ጣት ነበር አለችኝ።

ሁለቱም ወገን ገደለ። ውጊያው ሲያበቃ በጅምላ የተቀበሩ ሲቪሎች ተገኙ። ብዙዎቹ ደግሞ በቦምብና በመድፍ ቤታቸው ተደርምሶባቸው አለቁ። ቺ ስለ አጎቷ ስትነግረኝ ማን እንደገደለው አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እኛስ ከቀይ ሽብር ዘመን በኋላ ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ?

አሁንም በግንቡ ላይ የጥይት ቀዳዳዎች አሉ። ሾፌራችን አሳየን። ልጅ እግር ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ምንም አልተናገረም። ከዚያ ጉዟችን ቀጠለ።

ያም ሆኖ ተስፋ የቆረጠ ከተማ አይደለም። ይህን አስምሩልኝ። ዩኔስኮ በ1993 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከቬትናም የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ እየጠገኑ ነው። በ1947 የወደመው የኪየን ቹንግ ቤተ መንግሥት እንደገና ተሠርቶ በ2024 ተከፈተ። ተከፍቶ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ሁሉ በሸክላ ስብርባሪ ያጌጠ ነው። አንዳንድ ሰው “አዲስ ነው፤ እውነተኛው አይደለም” ይላል። እኔ አልስማማም። ሰባት ዐሥርት ዓመት ሣር ሆኖ የኖረን ቤት ፎቶና ሰነድ እየፈለጉ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የንግግሬ ዋናው ጋ ደረስሁ። ልጆች፣ እናንተም ስሙ።

በግቢው በስተ ግራ አንድ ረጅም ቤት አለ። ቴ ሚዩ ይባላል። የነገሥታቱ መታሰቢያ ነው። ጫማ ታወልቃላችሁ። ውስጡ ጨለም ይላል፤ ዕጣን ይሸታል። እዚያ ለሚታሰበው ለእያንዳንዱ ንጉሥ የራሱ መሠዊያ፣ የራሱ ፎቶ ወይም ስም አለው። በፊቱ ግቢ ላይ ዘጠኝ ትልልቅ የነሐስ ጋኖች ተደርድረዋል። ሚን ማንግ ያሠራቸው ከ1835 እስከ 1837 ነው። ትልቁ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። በላያቸው ላይ ሀገሪቱ በሙሉ ተቀርጻለች፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ ነብሩ፣ ሩዙ። ሽንኩርት እንኳ ሳይቀር! ንጉሥ ሀገሩን በነሐስ ሲያስጽፍ ሽንኩርቱን አልረሳም። ዕድሜዬን በወጥ ቤት ያሳለፍሁ ነኝና ይህ አንጀቴን በላው።

ወደ ውስጥ እንመለስ። ከመሠዊያዎቹ ሦስቱ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ለብዙ ዘመን እዚያ አልነበሩም። ፈረንሳይ ስላልፈቀደች ነው። ሦስቱም በቅኝ ገዢዎች ላይ ያመፁና ከሀገር የተሰደዱ ነገሥታት ናቸው። ሃም ንጊ፣ ታን ታይና ዱዪ ታን። በ1959 ነው ዘመዶቻቸው ያስገቧቸው።

ሃም ንጊ ገና ልጅ ሳለ ነው የነገሠው። በ1885 ከተማዋ ስትያዝ ወደ ተራራ ሸሸ። ከዚያ ሆኖ ተዋጋ። በ1888 ሰው አሳልፎ ሰጠው። ወደ አልጀርስ ላኩት። አፍሪካችን ማለት ነው። እዚያ ሥዕል ተማረ፤ አገባ፤ ሀገሩን ሳያይ ሞተ። ዱዪ ታን ደግሞ በ1907 ሰባት ዓመቱ ሲሆን አነገሡት። ልጅ ነው፤ እንዳሻን እናደርገዋለን ብለው። በ1916 ከአርበኞች ጋር ሆኖ ሊያምፅ ሲል ያዙት። ከአባቱ ከታን ታይ ጋር ወደ ሬዩኒዮን ደሴት አጋዙት። በ1945 መጨረሻ ላይ በመካከለኛው አፍሪካ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አፅሙ ብዙ ዘመን በአፍሪካ ምድር ቆየ። በ1987 ግን ሀገሩ ገባ። ዛሬ ሁዌ ውስጥ በአባቱ አጠገብ ተኝቷል።

እዚያ መሠዊያ ፊት ቆሜ ማን ትዝ ያለኝ ይመስላችኋል?

ልዑል ዓለማየሁ። አዎ። እሱም ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1868 ከመቅደላ ወሰዱት። በ18 ዓመቱ በብርድ ሀገር ሞተ። ዊንዘር ቀበሩት። አፅሙ ይመለስልን ብለን ጠየቅን። በ2023 ከቤተ መንግሥታቸው የመጣው መልስ አይሆንም የሚል ነበር። እዚያ ያሉ የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይረበሻል ተባለ።

ዱዪ ታንን መመለስ ተቻለ። ዓለማየሁን መመለስ ለምን ይሳናል? ይህን ጥያቄ ከሁዌ ይዤ መጣሁ። ለልጆቻችሁ ጠይቁላቸው። ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ባለቤቴ ከኋላዬ ሆኖ “ሰዓት ደረሰ” አለኝ። ትንሽ ቆይ አልሁት። አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አዩኝ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም። ማስታወቂያውን እንዳነብ በጣታቸው ዱዪ ታንን አመለከቱኝና በእጃቸው ትንሽ ቁመት አሳዩኝ። ልጅ ነበር ማለታቸው ነው። እኔም በእጄ ያንኑ ቁመት አሳየኋቸው። አላወቁኝም፤ አላወቅኋቸውም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

ሦስተኛው፣ ምግብ። አጠር አድርጌ ነው።

የሄድነው በዐቢይ ጾም ነበር። መርከቧ ላይ መጾም ፈተና ነው። ሁዌ ግን እፎይ አልን። የቡድሃ ሃይማኖት ጠንካራ የሆነባት ከተማ ናት፤ መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም፤ ብዙ ምእመናንም በየወሩ በተወሰኑ ቀናት ይተዉታል። ለዚያ የሚሆነው ምግብ “ቻይ” ይባላል። ይህን ቃል ብቻ ያዙ። ቻይ ካላችሁ ሥጋ የለበትም፤ የዓሣ መረቁን እንኳ በአኩሪ አተር ይተኩታል። እንቁላልና ወተት እንዳይገባ ግን ጠይቁ። ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ የሙዝ አበባ፣ ሩዝ በላን። ስንዘጋጅ የቆየንበት ዝነኛው ቡን ቦ ሁዌ በሥጋ ስለሆነ አለፍነው። የማትጾሙበት ወር የምትሄዱ ቅመሱልን፤ በጠጅ ሣርና በበርበሬ የሚሠራ የበሬ ሥጋ መረቅ ነው፤ የአሳማም ስለሚገባበት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቡናም ጠጣን። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው መራራው ዓይነት ነው። ሁዌ ውስጥ ጨው ያለው ቡና አለ። የከተማዋ ልጆች በኩራት ነው የሚነግሩህ። ክሬም ስላለው እኛ አልቀመስነውም። ግን አስተናጋጇን፣ “እኛም ሀገር ገጠር ቡና በጨው ይጠጣል” አልኋት። አላመነችም። ሾፌሩ አስተርጉሞ ሲነግራት ጓደኞቿን ጠራቻቸው።

አሁን ወደ ከረሜላው።

7 ሰዓት ላይ ዶንግ ባ ገባን። ከወንዙ ዳር ነው። ገበያ ነው በቃ! መርካቶን አስቡ። ባርኔጣው፣ ጨርቁ፣ የደረቀ ዓሣው፣ ጩኸቱ። አንዲት ትልቅ ሴት ከሜ ሱንግ ተራራ ኋላ ተቀምጣለች። በስልኬ ከቺ የተቀዳ ድምፅ ነበረኝ። አስቀድማ ነው የቀዳችልኝ። “ለእኔ ነው፤ ደኅናውን ስጫት” ትላለች። አጫወትሁላት። ሴትዮዋ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ደግማ ሰማችው። ሾፌሩ ምን እንዳለች ነገረኝ፤ “ይህ የእኛ የሁዌ አነጋገር ነው፤ ግን የድሮ ሰው ይመስላል” አለች። አራት ሳጥን ገዛሁ። አምስተኛውን በነጻ ጨመረችልኝ። ገንዘብ ብሰጣት እጄን ገፋችው።

8 ሰዓት ተነሣን። 9 ከ30 መርከቧ ላይ ነበርን።

ቺን ያገኘኋት ከወር በኋላ ነው። ያን አነጋገር ነገርሁላት። ዝም አለች። ሁለቱን ሳጥን አብረን ቁጭ ብለን በላን። ሁለቱን ለልጆቿ ሰጠች። አምስተኛውን ሳትከፍት አስቀመጠችው።

ቺ በየዓመቱ በሰኔ አካባቢ ከበሯ ውጪ ጠረጴዛ ታወጣለች። ከዓመታት በፊት አይቼው ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በእነሱ የጨረቃ አቆጣጠር የአምስተኛው ወር 23ኛ ቀን ነው። ሁዌ በ1885 የተያዘችበት ቀን። የሁዌ ሰው ያን ቀን ለሞቱት ሁሉ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ቀባሪ ላጡት፣ ስማቸው ለጠፋው። ምግብ ያስቀምጣሉ። ለተጠማው ውኃ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ለበረደው እሳት ያስቀምጣሉ። እኔ በእምነቴ ነኝ፤ እሷም በእምነቷ። ግን ሙታንን ማሰብን ከማንም ሰው አልተማርንም፤ እኛም ተዝካር እናውቃለን።

ዘንድሮ ጠራችኝ። ጀበናዬንና የቆላሁትን ቡና ይዤ ሄድሁ። ከረሜላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከጎኑ ትንሽ ማንደጃ፣ ከጎኑ ውኃ። ቡናውን አፈላሁ። ቺ አቦሉን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። “ማን ነው የሚጠጣው?” አልኋት። “ሩቅ ሀገር የቀረ” አለችኝ። “ሃም ንጊ አለ። ሌሎችም አሉ።”

የዓለማየሁን ታሪክ ነገርኋት። ስሙን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ሁለተኛ ስኒ አመጣችና ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጠችው። ቀዳሁበት።

አመሰግናለሁ።